የተሰበረችው ጃንጥላና የጋሽ ቀናው ካልሲ

«ጃንጥላዋስ?!»

ጋሽ ቀናው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ላይ ደርቆ ቀረ።

ለስለት የገቡት ጃንጥላዎች የሉም... ምንጣፎቹ የሉም... አንድ ጧፍ ብቻ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ተሸጡ እኮ ጋሼ!» አለ ዱጉማ። በንግሥ ቀን የስለት ዕቃ የሚያጫርተው እሱ ነው። «ሙልጭ አድርጌ ሸጥኳቸው!»

«ጥቁሯስ? ሽቦዋ የተሰበረችው?»

«እሷማ! "የተሰበረ ጃንጥላ እንጂ የተሰበረ በረከት የለም!" ብዬ ከሌሎቹ ጋር ሸኘኋት!»

የጋሽ ቀናው ላብ ሊወጣ ጀምሮ... ፈርቶ ተመለሰ።

ምክንያቱም ያቺ ጃንጥላ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኗ ብር ነበረ።

ሁሉም!

እንዴት ገባ በሉኛ...

ጋሽ ቀናው አቃቂ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ነው። ሽማግሌዎቹ ሙዳየ ምጽዋቱን ከፍተው፣ ቆጥረው ያስረክቡታል። ከዚያ በኋላ «ቀናው ያውቃል» ነው።

ቀናው ደግሞ ባንክ አይወድም። «ብሬን ከመስታወት ጀርባ ላለች ልጅ ሰጥቼ ባዶ እጄን ልውጣ? ታዲያ ከመዘረፍ በምን ተለየ?» ይላል።

ቤቱ እንዳያስቀምጥ ሌባ ይፈራል። ሌባ ባይመጣ ሚስቱን ይፈራል።

ልጁ የሠራችለት ቢጫና አረንጓዴ የሱፍ ካልሲ ነበረችው። አንደኛዋን በብር ጠቀጠቀና፣ ከጃንጥላዎቹ ሁሉ አስቀያሚዋን መርጦ ወሸቃት።

«ይቺን የሚገዛ ሞኝ የት ይገኛል?» ብሎ!

ብሩ ለደወል ቤት ማሠሪያ ነው። ቄስ ወልደገብርኤል ደሞዝ ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ግን «አባታችን፣ ካዝናው ባዶ ነው» ይላቸዋል።

አልዋሸም እኮ... ካዝናው ባዶ ነው። የሞላው ጃንጥላው ነው!

«ዱጉማ... ማን ገዛት?»

«ታጁ ባለሱቁ። በጅምላ ጠቀለላቸው። ነሐሴ አይደል? ጃንጥላ እንደ ዳቦ ነው የሚሸጠው!»

ጋሽ ቀናው ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ።

ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ቃሊቲ ትታየዋለች። ቃሊቲ ሩቅ አገር ሆና አይደለም፣ እህቱ የምትኖርበት ሰፈር ነው። ግን እስከ ዛሬ ያለፈው በእስር ቤቱ አጥር በውጭ በኩል ነው!

ከእስሩ ይልቅ ደግሞ ልጁ... «የሌባው ገንዘብ ያዥ ልጅ» ሲሏት ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ታጁ ሱቅ ደረሰ።

«ቀናው! ምን ሆነሃል? ሬሳ መስለሃል እኮ!»

«ጃንጥላዋ... የተሰበረችዋ...»

«እሷንማ ለቄሱ ሰጠኋቸው።»

«ለየትኛው ቄስ?!»

«ለናንተው ነዋ! ዱቄት በዱቤ ሊወስዱ መጥተው ዝናቡ ቀጥቅጧቸው ነበር፤ አሳዘኑኝ።» ታጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ቀናው... ቄሳችሁን እኔ ሙስሊሙ ሳበላላችሁ ትንሽ እንኳን አታፍሩም?»

ጋሽ ቀናው ተመልሶ ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ገባ።

የቄሱ ቤት ደረሰ። ሲገባ መጀመሪያ ያየው ቄሱን አይደለም።

ጃንጥላዋን ነው።

ተከፍታለች!

ቆርቆሮው ስለሚያፈስ ከልጆቹ አልጋ በላይ ሰቅለዋታል።

አሁን ምን ይበል? «ብር ወድቆ አይታችኋል?» ቢል... «ካዝናው ባዶ አልነበር?» ሊሉት ነው። ዝም ቢል ቃሊቲ ናት። በውስጥ በኩል።

መስቀል ሲሳለም ጥርሱ ከመስቀሉ ጋር ተንቀጫቀጨ።

«ዝ... ዝናብ ልጠለል ብዬ ነው አባታችን።»

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል።

«ቁጭ በል» አሉት ቄሱ። «እጄን ዱቄት ይዞት ሳልከፍታት መጣሁ፤ የሺሐረግ ይቺን ጃንጥላ ስትከፍት ምን ቢወድቅባት ጥሩ ነው? ካልሲ። ያውም ብር የጠገበ ካልሲ!»

«እኔማ» አለች ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሐረግ፣ «እግዜር ደሞዙን በቀጥታ ላከለት ብዬ እልል ልል ነበር! "ለጤፍ ብቻ እንኳን እንቆንጥር" ብለው... እምቢኝ አለ።»

«ብ... ብሩስ?»

«በስለት ዕቃ ውስጥ የተገኘ የቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ ቄሱ። «ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተትኩት።»

ከዚያ ከትራሳቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ።

ቢጫና አረንጓዴ።

«ይቺን ግን አልከተትኳትም። ሰው እንዳያያት ብዬ።»

«የ... የማን እንደሆነች ያውቃሉ?»

«ልጄ ቀናው... ጫማ አውልቀን የምንቀድስ ሰዎች ነን። የአጥቢያውን ካልሲ በሙሉ አውቀዋለሁ።»

ጋሽ ቀናው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬቷም ግን በጭቃ ተይዛለች።

እሑድ ሙዳየ ምጽዋቱ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ብሩን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ።

«ተአምር!» ብሎ ዱጉማ እልልታውን ሊያቀልጠው ሲል...

ጋሽ ቀናው ተነሣ። ካልሲዋን ከፍ አደረጋት።

«ተአምር አይደለም። የኔ ጥፋት ነው» አለና ከጃንጥላዋ እስከ ታጁ ዱቤ አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

ገሚሱ ተቆጣ። ገሚሱ ሳቁን በነጠላው አፈነ።

የዚያን ሳምንት በቤተ ክርስቲያኗ ስም የባንክ ደብተር ወጣ። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ሳንቲም አይወጣበትም። መጀመሪያ የወጣው የቄሱ ደሞዝ ነው፣ ከነውዝፉ። ደወሉ? እስካሁን ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያንኑ ድምፁን ይሰጣል!

ጋሽ ቀናው «ሌላ ሰው ሹሙ» ቢል ቄሱ እምቢ አሉ።

«ተዉት፣ ከእንግዲህ ከሱ የበለጠ የሚፈራ ገንዘብ ያዥ አናገኝም!»

እና ወዳጆቼ... የተደበቀ ገንዘብ የተጠበቀ ገንዘብ አይደለም። አገልጋዩን አስርቦ የተሠራ ደወልም ቢጮኽ ከልጆቹ ሆድ በላይ አይጮኽም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ያልተከፈላችሁ ደሞዝ እንዲህ በካልሲ ሆኖ ራሳችሁ ላይ ቢወድቅ፣ ትመልሱት ነበር? ወይስ «ለጤፍ ብቻ» ትሉ ነበር? 👇