አዲሎ ኬላ ላይ የቆመችው ኮምቢ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ... እናንተም በስልክ የምታነቡት ጠጋ በሉ።

ወሩ ሰኔ ነው። ዝናቡ ጀምሯል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኗል።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት።

«ውረዱ! ሁለታችሁም ውረዱ!»

አዲሎ ኬላ ላይ አንዲት አሮጌ ኮምቢ ቆማለች። ከውስጧ ባልና ሚስት ወረዱ... ጠና እና ትርፊት ይባላሉ።

ያቺ ኮምቢ መኪና ብቻ እንዳትመስላችሁ። ቤታቸው ናት!

የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው የሳንቃ አልጋ ተሠርቶባታል። ቡታጋዝ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና በገመድ ታስሯል።

ሆሳዕና የተከራዩት ቤት ሲወረስ «ሌላ እስክናገኝ» ብለው ገቡባት... ይኸው ሦስት ዓመት ኖሩባት።

ዛሬ ፎንቆ፣ ነገ ሾኔ፣ ከዚያ አዲሎ። ገበያ ባለበት ሁሉ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። የቤንዚን ኩፖን ያለቀ ዕለት ባሉበት ያድራሉ።

ግን ልጆቼ... በዚያ ጊዜ ቀበሌ የሌለው ሰው፣ ሰው አይባልም ነበር።

ያን ሰሞን ደግሞ «ባልና ሚስት መስለው የሚሸሹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይፈለጋሉ» ተብሏል።

የኬላው አለቃ ጓድ ወንዳፈረው ይባላል። ላገሩ እንግዳ ነው፣ ገና ሁለት ወሩ።

መጋረጃውን ገልጦ አየ... አልጋውን አየ... ፊቱ ጠቆረ።

«ለየብቻ አስገቧቸው!»

መጀመሪያ ባልየው ተጠየቀ። «ጠና ላምቦሬ» አለ፣ ተጻፈ።

ቀጥሎ ትርፊት ገባች።

«የባልሽ ስም?»

«ጠና።»

«የአባቱስ?»

ትርፊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የአባቱ ስም ማነው?!»

«አማቴ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ጌታ የለም፣ ጓድ በይ! ስማቸውን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ትልቅ ሰው ናቸው... ጓድ።»

ሳቀባት። «ባል ከገበያ ነው እንዴ የገዛሽው? ለውሸቱም ቢሆን ትንሽ አታጠኚም?»

ምን ታድርግ! እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ከስሙ ጋር የሚመሳሰል ቃል እንኳ በሌላ እንለውጣለን። ከእናታችን የያዝነው ነው፣ ምላስ እንቢ ይላል።

አለቃው ሰዓቱን አየ።

«ዘጠኝ ሰዓት መኪና ይመጣል። ሁለቱም ይጫናሉ።»

በዚያ መኪና ተጭኖ የተመለሰ ሰው አላየንም ነበር።

በር ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። ሀብቴ ይባላል፣ የዚያው አገር ልጅ ነው። ከነጠመንጃው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል... እንኳን ሊያዝን የሚስቅም አይመስለንም ነበር።

እሱ ነው ወደፊት ራመድ ያለው።

«ጓድ፣ ባህላችን ነው። እውነቷን ነው።»

«አንተም ከነሱ ጋር ነህ?»



ሀብቴ ጠመንጃውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሚስቴ ገበያ አለች፣ አስጠራት። የአባቴን ስም ከጠራች፣ እኔንም ከነሱ ጋር ጫነኝ።»

አለቃው ፈገግ አለ። «እሺ። ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ሴትየዋ የምትሸጠውን ዝንጅብል ትታ፣ ጃንጥላዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ምንም አታውቅም። ባሏን ያለ ጠመንጃ ወለል ላይ ተቀምጦ አየችው።

ልጆቼ... ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የሆነውን ሀብቴ ነው ኋላ የነገረኝ።

አለቃው እንዲህ አለኝ።

«የባልሽን አባት ስም ጥሪ፣ አሁኑኑ እፈታዋለሁ። እንቢ ካልሽ መኪናው ላይ ይወጣል።»

ሀብቴን አየሁት። ቀና አይልም።

«አንድ!»

አራት ልጆቼ ታዩኝ።

«ሁለት!»

ነጠላዬን አውልቄ አለቃው እግር ላይ ወደቅኩ። «እኔን ውሰዱኝ፣ እሱን ተውት!» አልኩ።

«ሦስት!»

አፌን ከፈትኩ...

ለአርባ ዓመት ማንም ያላወቀውን ልንገራችሁ። ልጠራው ነበር! ባሌን ላድን ብዬ ልጠራው ነበር። ድምፄ አልወጣም እንጂ።

ብጠራው ኖሮ... ባሌንም፣ እነዚያን ሁለት የማላውቃቸውን ሰዎችም የገደልኳቸው እኔ በሆንኩ ነበር።

አለቃው ለባሏ ሕይወት እንኳ ያ ስም እንደማይጠራ በዓይኑ አየ። ከዚያ የኮምቢዋን ቁልፍ ለትርፊት ወረወረላት።

«ሂዱ» አለ። «ሳልጸጸት ቶሎ ሂዱ።»

እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ደጅ እንደወጣን ሀብቴን በጃንጥላ ገረፍኩት! «ዓይንህን እንኳ ብትጠቅሰኝ ምን አለበት!» እያልኩ። እሱ ያለቅሳል፣ ይስቃል።

ትምህርቱ ይሄ ነው... የሰውን ልማድ ሳታውቁ ውሸታም አትበሉት። የምትፈሩት ሰውም ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ ደግነቱን የሚያሳይበት ቀን አጥቶ ነው።

ጠናና ትርፊት ሁለት ዓመት እንደዚያው በኮምቢዋ ዞሩ፣ ከዚያ ሾኔ ቤት አገኙ። ኮምቢዋ ጓሯቸው ቆማ ዛገች። ሁለቱም በዕድሜ ሞቱ። ጓድ ወንዳፈረው ተዛወረ፣ የት እንደገባ አልሰማንም። ሀብቴ ጠመንጃውን ተቀማ፣ እርሻው ላይ አረጀ፣ አምና ቀበርኩት። አማቴም ከሞቱ ቆዩ... ስማቸውን ዛሬም አልጠራም።

እናንተስ ልጆቼ፣ ምንም ሳታውቁ በእኔ ቦታ ብትቆሙ... ስሙን ትጠሩ ነበር?

ጻፉልኝ። የልጅ ልጄ ሣራ ታነብልኛለች።