በረቱን ማን ጠረገው

ቦሌ ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ደሪቱ አንዲት ላም፣ ሰባት ዶሮዎችና እንግዳ ሰው ሲያይ የሚያብድ ውሻ አላት። ባሏን ኡርጌሳን ዐምና ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወድቋል። ጠዋት እሱን አጥባ፣ አጉርሳ፣ አልጋው ላይ ደገፍ አድርጋው፣ ላሟን አልባ፣ ወተቱን ይዛ ፎቅ ለፎቅ ትዞራለች።

በመጨረሻ ደከማት። ላሟን ልትሸጥ እንደሆነ ነገረችው።

«ቡሬን?» አለ ኡርጌሳ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ወተት አድርሳ ስትመለስ በረቱን ተጠርጎ አገኘችው። በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ፉርሽካው ሳይቀር ተበጥብጦ ቀርቧል።

ደሪቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልተቸገረችም። ከሦስተኛ ፎቅ አቶ ዓለምሰገድ የሚባሉ ጡረተኛ በየጠዋቱ ወርደው አጥሩ ጋ ይቆማሉ። «የምትሸጥ ከሆነ ለእኔ» ብለው ሁለቴ ጠይቀዋታል።

«ላሟን እያለማመዷት ነው» አለች ለባሏ። «ሳልሸጥላቸው የራሳቸው ሊያደርጓት።»

«ጠረጉ እንጂ ምን ወሰዱ? ተያቸው» አለ ኡርጌሳ። «ይልቅ እንጀራ ጨምሪልኝ።»

«ውሻው እንኳ ዝም ብሏቸዋል» አለች፣ እንጀራውን እየጨመረች። ይሄ ነበር ከሁሉም ያናደዳት።

ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዷ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣ በጓሮ በኩል ተመለሰች። ሰውየው አጥሩን ተደግፈው ወደ በረቱ ይመለከታሉ።

«አቶ ዓለምሰገድ፣ ዛሬ እጅ ከፍንጅ ያዝኩዎት።»

ሰውየው ደነገጡ። «ወይዘሮ ደሪቱ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ።»

«በገዛ ግቢዬ ነው ቀስ ብዬ የምናገረው? ማን ጥረጉልኝ አለዎት?»

«እኔ እኮ አንድ ቀንም ይህን አጥር አልፌ አላውቅም።»

ደሪቱ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት፣ ከበረቱ ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ተሰማት። ይጠርግና ያርፋል፤ ደግሞ ይጠርጋል። ውሻው በሩ ላይ ተጋድሞ ጭራውን ይቆላል።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ በሩን ገፋችው።

ኡርጌሳ ትከሻውን ምሰሶው ላይ አስደግፎ፣ በደህናው እጁ መጥረጊያውን ይዞ፣ በሁለት እግሩ ቆሟል።