የልክ ደብተር

«ገጽ አሥራ አራት ላይ ተጽፏል፤» አለ የመድኑ ሠራተኛ፣ ጣቱን እንኳ ወደ ውሉ ሳያነሳ።

ባልደረቦቹ በሌለበት «ገጽ አሥራ አራት» ነው የሚሉት። ሰባት ዓመት ከዚህ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰውን ጥያቄ ሁሉ በዚህች አንዲት ገጽ ሲመልስ ኖሯል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ውሉም የሚያልቀው እዚያው ገጽ ላይ ነው። ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎችን እንደ ጉድ ይንቃቸዋል። ሲፈርሙ ግን ያቺን ገጽ ገልጦ አሳይቷቸው አያውቅም። የእሱ ሥራ ማስፈረም ነው።

ከመስታወቱ ወዲያ የቆመችው ልብስ ሰፊ ስምንተኛ ወሯን አጋምሳለች። ከሥራዋ ተነስታ ስለመጣች ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አጠገቧ ወንበር አለ፤ ላዩ ላይ የእሱ ፋይሎች ተቆልለውበታል። እሷ ለማንሳት አልደፈረችም፣ እሱም አላነሳላትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደገና ያስረዱኝ፤» አለች። «መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሴ የምከፍለውን የራስ ድርሻ ባለፈው ወር ጨርሻለሁ። ሞልቷል ብላችሁ ደብዳቤ ጽፋችሁልኛል።»

«ማን አልሞላም አለሽ?»

«እንግዲያው ቀዶ ሕክምናው የእናንተ ነው።»

«በዚህ ወር ከሆነ የእኛ ነው። ውልሽ የሚታደሰው ግን አዲሱ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። ውሉ ሲታደስ የራስ ድርሻሽም ከዜሮ ይጀምራል። አንቺ ለቀዶ ሕክምናው የተቀጠርሽው ወሩ በገባ በአምስት ነው። በአምስት ቀን አመለጠሽ።» አውቶቡስ ያመለጠውን ሰው እንደሚያጽናና ትከሻውን ነቀነቀ።

«ዓመቱን ሙሉ የሰፋሁት እዚያ ድርሻ ውስጥ ገብቶ አልቋል። እንደገና ካልከፈልኩ ሆስፒታሉ አልጋ አይሰጠኝም። የመጀመሪያ ልጄንም በቀዶ ሕክምና ነው የወለድኩት፤ ምጥ ከመጣ ማሕፀንሽ ይተረተራል ብለውኛል።»

«ሐኪሙን ቀኑን ቀደም ያድርግልሽ በይው። አምስት ቀን ምን አላት?»

«የልጁ ሳምባ አልደረሰም ብሎኛል።»

«እሱ እንግዲህ የሐኪሙ ጉዳይ ነው።» ቸርነት ተሰማውና ጨመረላት። «ደግሞ ልንገርሽ፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ ራሱን የቻለ ሰው ነው፣ የራሱ ድርሻ አለው። ኋላ አልተነገረኝም እንዳትይ።»

«ኧረ ጉድ ነው!» አሉ ከኋላዋ የተሰለፉ ሽማግሌ። ሆዷ ውስጥ እያለ ከሰው ያልቆጠሩት ልጅ ገና እሪ ሳይል ከፋይ ሆኖ አረፈው።

«ስፈርም ይኼን ነግረውኛል?»

«ተጽፏል አልኩሽ እኮ!» ሰልፈኛው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሰው እንዴት ያላነበበው ነገር ላይ ይፈርማል?»

ስትፈርም ያላትን ሁለቱም ያስታውሱታል። «ድርሻሽን ከጨረስሽ በኋላ ያለው በሙሉ በእኛ ነው፤ አንቺ ልጅሽን ማቀፍ ብቻ ነው» ብሎ የድርጅቱ ስም ያለበት ብዕር ሸልሟት ነበር። አሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ ያያታል። ታለቅሳለች ብሎ ስለጠበቀ ለአልቃሾች ያስቀመጠውን ሶፍት በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገላት።

አልነካችውም። ከቦርሳዋ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየገጹ በመርፌ የተያያዘበት፣ ያበጠ ደብተር አወጣች።

«ይኼ የልክ ደብተሬ ነው። የለካሁትን ሰው ሁሉ ልኩን ጽፌ ከሥሩ አስፈርመዋለሁ። ሰው ነዋ፤ እሱ ይወፍርና እኔን አጠበብሽብኝ ይለኛል። ከመፈረሙ በፊት ግን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው? ልትለኪኝ?» አለና የሚስቅለት ፍለጋ ወደ ሰልፉ አየ። አላገኘም።

ንጹሕ ገጽ ገልጣ ደብተሩን በመስኮቱ አሳለፈችለት። ያንኑ የሸለማትን ብዕር ላዩ ላይ አኖረች።

«አሁን ያሉኝን ይጻፉልኝ፤ ውሉ ሲታደስ ድርሻው ከዜሮ ይጀምራል ብለው። ከሥሩ ደግሞ ያስፈረሙኝ ቀን ነግረውኝ ከሆነ ‹ነግሬያታለሁ›፣ ካልነገሩኝ ‹አልነገርኳትም› ብለው ይፈርሙበት።»

«ለማን ልታሳዪው ነው?»

«ልብሱ የጠበበኝ ቀን አወጣዋለሁ።»

የመጀመሪያውን መስመር ፈጥኖ ጻፈው፤ በቃሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። «ነግሬያታለሁ» ቢል ውሸት ነው፤ ያን ቀን ያለውን የሰማች ደግሞ ፊቱ ቆማለች። «አልነገርኳትም» ቢል ነገ ላይኛው ፎቅ አለቆቹ ዘንድ ይጠራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ሲያሳይ የኖረው የፊርማ መስመር ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላወቀም ነበር። ፈራ።

«አለቃዬን ልጠይቅ።»

«ይጠይቁ። ፊርማው ግን የእርስዎ ነው።»

ይህን ብላ ፋይሎቹን ከወንበሩ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሽማግሌው ወንበሩን ያዙላት።

ሠራተኛው የጻፈውን አንዴ አነበበ፣ ደግሞም አነበበ። ከዚያ በፊተኛው ገጽ ላይ የተደበቀበት ነገር ያለ መሰለውና ገለጠው። ከሱ በፊት ያለውንም ገለጠ።

«ቀስ ብለው ያንብቡ፤» አለችው። «እኔ አልቸኩልም።»

«ገጽ አሥራ አራት» ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ቅጠል መለሰው። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ልክ አንድ በአንድ ያነብ ጀመር፤ ደረት ዘጠና ስድስት፣ ወገብ ሰማንያ፣ ፊርማ። ደረት መቶ አራት፣ ወገብ መቶ አሥር፣ ፊርማ።