ወድቆ ሳይተኛ የተነሳው ወንድሜ

በአዲሱ የእግር ኳስ ሕግ፣ የወደቀ ተጫዋች ሦስት እስኪቆጠር ካልተነሳ ሰዓት አባካኝ ተብሎ ለዓመት ይታገዳል። ቆጣሪው መሣሪያ በየተጫዋቹ እግር ላይ ስለተገጠመ ቤትም ውስጥ ይቆጥራል።

ወንድሜ ያብስራ ድሮ ሜዳ ላይ ንፋስ ሲነካው እንደ በርሜል ይንከባለል ነበር። ትናንት ግን እማዬ ባጠበችው ወለል ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ ቀጭ ቢልም ብድግ ብሎ ፈገግ አለልን።

«ምነው ኮከቡ፣ ዛሬ አትንከባለልም?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለኝ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

እግሩ አብጦ ካልሲው አልወልቅ ሲል እማዬ በመቀስ ቆረጠችውና ደግፈነው ክሊኒክ ወሰድነው።

ሐኪሙ እግሩን ሳያይ ቆጣሪውን አነበበ።

«ወዲያው ነው የተነሳው፤ ጤነኛ ነው» አለና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ።

የቡድናቸው በረኛ እያነከሰ፣ ፈገግ ብሎ ገባ።