ልክ የማይወሰድበት ስፌት

የሺዓለም እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ የመጨረሻውን ጠርዝ ጨረሰችው። ወፍራሙ አቡጀዲ ከመርፌው ሥር እየወጣ ጭኗ ላይ ሲከመር፣ ባለካኪው ሰውዬ አናቷ ላይ ቆሞ እጆቿን ያያል።

"ፈጣን ነሽ። በቀን ስንት ታወጫለሽ?"

"ልብስ ሲሆን ነው ጊዜ የሚፈጀው ጌታዬ። ይኼ እጅጌ የለው፣ አንገትጌ የለው፣ ልክ እንኳ አልተወሰደለትም።"

"ጌታዬ ድሮ ቀረ። ጓድ በይኝ።"

"እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።"

ሰውዬው ጥርሱን ብልጭ አድርጎ መልሶ ከደነው።

ሲመጣ ይኼ ሁለተኛው ነው። ትናንት ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወጥቶ እዚህች በረንዳ ላይ ሲደርስ፣ የመንግሥት ስፌት ድርጅት ባለሙያ ሴቶች እንደሚፈልግ ነገራት። ደመወዙ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሽኩር ከሚከፍሏት እጥፍ ነው። እሷን ሌሊቱን ሲያገላብጣት ያደረው ግን ደመወዙ አልነበረም። "ልጅሽንም ጫኝ አድርገን እንቀጥረዋለን። የድርጅቱን መታወቂያ የያዘ ወጣት ለውትድርና አይታፈስም" ነበር ያላት።

ልጇ ዓምደሚካኤል ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ሞላው። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ከኳስ ሜዳ፣ አንዱ ከሲኒማ በር፣ አንዱ እናቱ ዳቦ ልካው ከሱቅ ደጃፍ ታፍሶ ሄዷል። የሺዓለም ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ተቀምጣ ጣቷን ከፊደል ፊደል ስታስኬድ፣ ጆሮዋ ደጅ ነው፤ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችው መስመር ይጠፋታል።

ጋሽ ሽኩር ነገሩን ሲሰሙ ዝም አላሉም። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ፣ "የሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ በግማሽ እንሠራለን" አሏት። "ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ያንቺ ናት። ልጁንም አማቼ በጭነት መኪናው ቡታጅራ ያደርስልሻል። ወንድሜ ዘንድ እንሰት እየተከለ ይክረም።"

ጥሩ ቃል ነበር። ግን መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላ ላይ የተያዘ ልጅ ደግሞ ኮብላይ ይባላል፤ የኮብላይ እናት የት ሄዳ ትጮኻለች? ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሽሽት ይሻላል፣ አለች በልቧ። ጋሽ ሽኩርን ግን እምቢ ለማለት አፏ ከበዳት። ሰውዬው ለሙያ ፈተና የሚሆነውን አቡጀዲ ይዞ ሲመጣም ተቀብላ ሰፋችለት።

"ከረጢቱ ለድርቁ እርዳታ እህል ነው አይደል?" አለች አሁን፣ ጨርቁን እያጣጠፈች። "ብቻ ለእህል ይጠባል። ይረዝማልም።"

"የመንግሥት ነው" አለ ሰውዬው።

ከውስጥ የመቀሱ ድምፅ ቆመ። "የሺ፣ እስቲ ነጭ ክር አቀብይኝ" አሉ ጋሽ ሽኩር። ክሩ ፊታቸው ነበር። ገብታ ስትጠጋቸው ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። እህል አይደለም የሚገባበት።"

"ታዲያ ምን?"

"ሰው ነዋ፣ የሺ። የሞተ ሰው።"

ፊታቸውን አየችው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ስትሠራ አንድ ቀን ዋሽተዋት አያውቁም። ቢሆንም፣ እኔን ላለማጣት ነው፣ ብላ አሰበች። ባለሙያ የሚያጣ ሰው ምን የማይለው አለ? ክሩን ከፊታቸው አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ወደ በረንዳው ተመለሰች።

ዓምደሚካኤል ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ደብተሩን ከቀበቶው ሽጦ፣ የሰፋችውን እያገላበጠ ቆሟል።

"እማዬ! ይኼ ደግሞ የማን ሱሪ ነው? እግሩ አንድ ብቻ ነው እኮ!"

"አስቀምጠው።"

"ቆይ፣ ልለካው።" ከነጫማው ዘሎ ገባበት፤ እስከ ብብቱ ሳበውና በረንዳው ላይ እንደ ፌንጣ መዝለል ጀመረ። ከፊት ለፊት ወርቅ ቤት በር ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ሰውዬው ግን አልሳቀም። "ቁም" አለው። ቀረብ ብሎ የጨርቁን አፍ ከልጁ ብብት ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳበው፤ ትከሻውን አለበሰው፣ አገጩን፣ ዓይኑን፣ ፀጉሩን። ከአናቱ በላይ የተረፈውን ሰብስቦ አንድ ጊዜ ጠመዘዘው። እጁ አልተደናበረም፤ ብዙ ጊዜ ያደረገው ነገር ነው።

"ልክ ነው" አለ። "ለመቋጠሪያም ይተርፋል። ከዚህ የሚረዝም ብዙ አይመጣም።"

በጨርቁ ውስጥ ዓምደሚካኤል ይስቃል። ሳቁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

ሰውዬው ጨርቁን ለቀቀና እጁን አራገፈ። "ነገ ጠዋት ጀምሪ። እሱም ለመታወቂያው ፎቶግራፍ ይዞ ይምጣ። ቤታችሁን እናውቀዋለን፤ ብትዘገዩ እኛው እንመጣለን።" ደረጃውን ወርዶ መንገድ ዳር ያቆመው መኪና ውስጥ ገባ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም።

የሺዓለም ዞር አለች። ጋሽ ሽኩር በሩ ላይ ቆመዋል።

"አማችዎ መቼ ነው የሚነሡት?"

"ዛሬ። ጨለም ሲል።"

"በጓሮ በኩል ይምጡልን።"

ከዚያ ልጇ እግር ሥር ተንበረከከች።

"እማዬ፣ በላይ በኩል እወጣለሁ እኮ!" አለ ልጁ፣ ራሱን ብቅ አድርጎ።

አልሰማችውም። የታችኛውን ስፌት በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። አልላቀቅ ሲላት በጥርሷ ነከሰችው። በጥንቃቄ፣ ፈተናውን ለማለፍ ብላ፣ ደርባ የሰፋችው ነው፤ ክሩ አልበጠስ አለ።