ሐይቁን የተሻገረ መርዶ

አቶ ተክለጻድቅ በማለዳ በር ሲያንኳኩ ደስ የሚለው ሰው በጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የለም። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የዕድሩ መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው። ሥራውን ፈልገው አልያዙትም፤ የረጋ አንደበታቸው ነው ያመጣባቸው።

ዛሬ የተጠሩት ሩቅ ነው። የዕድሩ ዳኛ ለይኩን ገና ሳይነጋጋ መጥቶ ነገራቸው። ከሰኮሩ በታች፣ ከግድቡ ሐይቅ ማዶ፣ የወይዘሮ ሸዋረገጥ አንድ ልጅ ኤልያስ ታንኳ ተገልብጦበት ሞቷል። የማዶ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ለእናትየው ደፍሮ የሚነግር ግን ጠፋ።

ለይኩን ባትሪ ጨርሻለሁ ብሎ የአቶ ተክለጻድቅን ስልክ ተቀብሎ ለታንኳው ሰው ደወለ። ሰኮሩ ሲደርሱ ፍርፍር አዘዘላቸው። እሱ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰም፤ እሳቸውን ግን ካልጨረሱ አላስነሳም አለ።

ታንኳዋ ከአንድ ግንድ የተቦረቦረች ጠባብ ናት። ቀዛፊው ደሬሳ ከኋላ፣ ለይኩን ከፊት፣ አቶ ተክለጻድቅ መሀል ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ ብርቱካን የሞላ ፌስታል አለ። ለአንድ ልጃቸው ለሰሎሜ ነው፤ ማዶ ጤና ኬላ አዋላጅ ናት።

«ሰሎሜ አጠገቤ ብትሆን ጥሩ ነው» አሉ። «ሴትዮዋ ራሳቸውን ቢስቱ ታውቅበታለች።»

«እሺ ጋሼ» አለ ለይኩን። ዞር አላለም።

ውሃው የዋጣቸው ዛፎች ጫፋቸው ብቻ ብቅ ብሏል። ከሸምበቆው ውስጥ ጉማሬ አጉረመረመ። ደሬሳ በቀጥታ መሻገር ሲችል ዳር ዳሩን ዞረ።

«ለምን ታስረዝመዋለህ?»

«እዚያ ጋ ጥሩ አይደለም፣ አባባ። ያ ረቢ!»

«ልጄንስ አሻግረህ ታውቃለህ?»

«ስንቴ! ሚስቴን ያዋለደቻት እሷ ናት» አለና መቅዘፉን ቀጠለ።

አቶ ተክለጻድቅ ዝምታ አይወዱም። «ልብ አድርግ ለይኩን፣ ነገ የምትተካኝ አንተ ነህ። መጀመሪያ የሐዘንተኛውን ስልክ በሰበብ ትወስዳለህ፤ አንዱ አፈ ሰፊ ደውሎ እንዳይቀድምህ። ግራና ቀኝ ጠንካራ ሰው ታቆማለህ። ከዚያ እጃቸውን ትይዝና ‹እህል ቀምሰዋል?› ትላለህ። ሐዘን ባዶ ሆድ ላይ ክፉ ነው።»

የጊንጆ ጉዱሩ ሰው ይህን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ከሰማ ሌላ መስማት አያስፈልገውም። እዚያው ይጮኻል።

ለይኩን ጎንበስ ብሎ ፊቱን በሐይቁ ውሃ ታጠበ።

«አይዞህ፣ እኔንም ይከብደኛል» አሉት። «በተለይ አንድ ልጅ ብቻ ላለው ሰው መንገር አንጀቴን ነው የሚበላኝ። ምን ብዬ እንደምጀምርላቸው እንጃ።»

ዳር ሲቃረቡ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ቆመው አዩ።

«ወይዘሮ ሸዋረገጥ እሳቸው ናቸው» አለ ለይኩን በቀስታ።

አቶ ተክለጻድቅ ደነገጡ። ጥቁር ከለበሱማ አንዱ ቀድሟቸዋል ማለት ነው። ቢሆንም ሥራቸው ነውና ፌስታሉን እንደያዙ ወረዱ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ሴትዮዋ ግን ቀደሟቸው። «ኤልያስ፣ አንተ በቀኝ በኩል ያዛቸው» አሉ ከኋላቸው ለቆመው ልጃቸው፤ ከዚያ የአቶ ተክለጻድቅን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እህል ቀምሰዋል?» ብለው ጠየቋቸው።