የወይዘሮ አያልነሽ ጉድዊል

«አንድ ድርጅት ሲሸጥ፣ ከንብረቱ ዋጋ በላይ የሚከፈለው ምን ይባላል?» አሉ መምህሩ ሚስተር ዋንዮኒ፣ ጠመኔያቸውን ወደ ባንታየሁ ቀስረው።

ባንታየሁ መልሱን ያውቀዋል። ጉድዊል ይባላል፤ የደንበኛና የመልካም ስም ዋጋ ነው። ችግሩ ከኋላው የተቀመጡት ወይዘሮ አያልነሽ ናቸው። የካናዳ ወረቀታቸው ስለደረሰ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤታቸውን ሊሸጡለት ነው። እሱ ደግሞ «ወንበርና ጠረጴዛው፣ ምድጃና ድስቱ ተደምሮ አሥራ ስምንት ሺህ ሺልንግ ነው፤ ሌላ የምገዛው ነገር የለም» እያለ ሁለት ወር ሲከራከራቸው ከርሟል። እንዳልታለል ብሎ አካውንቲንግ ሊማር ቢመዘገብ፣ እሳቸውም እንዳልታለል ብለው ተመዝግበው እዚያው ክፍል አገኛቸው።

«አላውቀውም» አለ።

«ጉድዊል!» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ።

ሚስተር ዋንዮኒ ደስ አላቸው። ባንታየሁን ሰሌዳው ድረስ ጠርተው ምሳሌ እንዲሠራ አዘዙት። «ምግብ ቤት ይሁን። ንብረቱ ስንት ያወጣል?»

«አሥራ ስምንት ሺህ» አለ ሳያስበው።

«የተሸጠውስ በስንት?»

«በሠላሳ ሺህ!» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ በእንግሊዝኛ።

ባንታየሁ ክው አለ። «ሃያ!» ብሎ ጮኸ፣ ከድንጋጤው ብዛት በአማርኛ።

መምህሩ ግን የሰሙት በስዋሂሊ ነው። በስዋሂሊ «ሃያ» ማለት እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። «መልካም፣ ተስማምቷል» ብለው ሠላሳ ሺህ ጻፉ፤ ከሥሩም ጉድዊል፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ኬንያውያኑ ተማሪዎች አጨበጨቡለት።

ባንታየሁ ወደ ኋላ ወንበር ገሰገሰ። «እትዬ፣ ሃያ ያልኩት እኮ በአማርኛ ነው!»

«ናይሮቢ ላይ ነው ያልከው፣ የኔ ጌታ። ያውም በአርባ ሰው ፊት።»

«እሺ፣ በአሥራ ሁለት ሺህ የምገዛው ምኑን ነው? የሚጨበጥ ነገር ያሳዩኝ!»

ወይዘሮ አያልነሽ ቦርሳቸውን ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ አነሱ።

«ተቀመጥ። ጻፍ። ታዲዮስ አርብ አርብ ይመጣል፤ ጨጓራውን ያመዋልና ቢለምንህም ሚጥሚጣ እንዳትሰጠው። የካሣሁንን ወንድም ደርግ አስሮበታል፤ ዜና ሲጀምር ሬዲዮውን ከፍ አድርግለት፣ ቤቱንም ጸጥ አሰኝለት። ሞያሌን አቋርጦ የመጣ ሰው በሩ ላይ ከቆመ መጀመሪያ አብላው፤ ከየት እንደመጣ በኋላ ትጠይቀዋለህ። ለሰው ስጥልን ብለው ደብዳቤ የሚያስቀምጡ ደግሞ አሉ፤ እነሱን…»

«ኧረ ቀስ ይበሉ!» አለ ባንታየሁ፣ እስክሪብቶው እየተጣደፈ። «ሚጥሚጣ የማይሰጠው ማን ነበር ያሉኝ?»

ሚስተር ዋንዮኒ ሰሌዳውን አጥፍተው ሌላ ምዕራፍ ጀመሩ። ባንታየሁ ቀና አላለም፤ ሁለተኛውን ገጽ እየገለጠ ነበር።